የወርዋሪዎች ተራ፦ «ሮቴሽን»ን በአማርኛ

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖር አበሻ በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር የቆመውን የናሽናልስ ቤዝቦል ቡድን ስታዲየም ሳያውቀው አይቀርም። ቤዝቦሉን ባይከታተል እንኳ ጨዋታ ባለበት ምሽት መንገዱ ሲጨናነቅ፣ ቀይ ማሊያ የለበሰው ሕዝብ ከባቡር ሲወርድ አይቷል። እዚያው ልጆች የወለደ ደግሞ ውሎ አድሮ አብሯቸው ቴሌቪዥን ፊት መቀመጡ አይቀርም። ያኔ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመዋል። ትናንት ተጋጣሚውን ያንበረከከው ወርዋሪ ዛሬ አጥሩን ተደግፎ የሱፍ ፍሬ ይፈነክታል። «ተጎዳ እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። «ሮቴሽን ነዋ!» ይለዋል ልጁ። ከዚያ በኋላ ቃሉን የሚፈታለት የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤዝቦል ላይ ወርዋሪው ሜዳው መሀል ካለች የአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ ኳሷን ወደ መቺው ይልካል፤ ከመቺው ጀርባ ያጎነበሰው ቀላቢ ይቀበላል። ጨዋታው 9 ኢኒንግ (ዙር) ነው። ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ እስኪቀየር ድረስ ወደ 100 ጊዜ ሊወረውር ይችላል፤ ፈጣኖቹ ኳሶች በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራሉ። የሰው ክርንና ትከሻ ለዚህ አልተሠራም። በማግስቱ ክንዱ ያብጣል፣ ይደነድናል። በሌላ በኩል የአሜሪካው ትልቁ ሊግ አንዱን ቡድን በስድስት ወር ውስጥ 162 ጊዜ ያጫውታል፤ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቡድኑ አምስት ወርዋሪዎችን መርጦ በቅደም ተከተል ያሰልፋቸዋል። እያንዳንዱ በአምስት ጨዋታ አንዴ ይጀምራል፤ ካልታመመ በዓመት 32 ጊዜ ገደማ ይደርሰዋል። ቀድሞ አራት ሰዎች ነበሩ የሚፈራረቁት፤ አምስት መሆን የተለመደው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ጃፓኖች ደግሞ ስድስት አድርገውት ወርዋሪያቸው በሳምንት አንዴ ብቻ ይጀምራል።

ይህን በአማርኛ ምን እንበለው? «ዑደት» ትክክል ይመስላል፤ ግን የውሃ ዑደት እንደምንለው በራሱ የሚዞር ነገር ነው፣ ሰው የለበትም። «ፈረቃ» ይቀርባል፤ ሆኖም መብራትና ውሃ በፈረቃ የጠበቀ ሁሉ ቃሉን ሲሰማ እጥረት ይታየዋል። እኔ የምመርጠው «ተራ»ን ነው፦ የወርዋሪዎች ተራ። ማኅበር የጠጣ ሰው ጠበሉን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ ቀጣዩ ዝክር የእሱ እንደሆነ ያውቃል፤ ቀኑ እስኪደርስም ጠላውን ይጠነስሳል። ሮቴሽን የሚባለው ይኸው ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ «ተራ ወርዋሪ» ካልን እንደ ተራ ሰው የማይረባ ወርዋሪ ማለት ይሆንብናል። ስለዚህ ሰውየው «ተረኛ ወርዋሪ» ይባል፣ ሆስፒታል ውስጥ ተረኛ ሐኪም እንደምንለው። ቃሉ በቅርብ ዓመታት የፖለቲካ ክርክር ውስጥ ገብቶ ሌላ ስሜት እንደተጣባው አውቃለሁ፤ ቢሆንም የሐኪሙና የማኅበሩ ትርጉም ይቀድማል፣ አሳልፈን ልንሰጠው አይገባም።

«ሰሞነኛ» የሚለውም ልቤን ስቦት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሰሞነኛው ካህን ሳምንቱን አገልግሎ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ዕረፍቱ ራሱ የአገልግሎቱ ሥርዓት አካል ነው። የቃሉ ውበት እዚህ ላይ ነው። ግን ዛሬ «ሰሞነኛ ወሬ» ስንል ነገ የሚረሳ ነገር ማለታችን ስለሆነ ተውኩት። እንግሊዝኛውን ተከትሎ «ጀማሪ» ማለት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ጀማሪ በአማርኛ ገና ሥራውን ያልለመደ ነው። «ከፋች»ም ቢሆን ለሌላ ሥራ ይፈለጋል። ከ2018 ጀምሮ የታምፓ ቤይ ቡድን ያስለመደው ዘዴ አለ፤ አንድ ሰው የመጀመሪያውን ኢኒንግ ብቻ ወርውሮ ይወጣል። ከፋች እሱ ነው።

ተራውን የሚመራው ወርዋሪ «አውራ» ቢባል ደስ ይለኛል። ከተረኛው በኋላ ጨዋታ መሀል የሚገባው ደግሞ «ደራሽ» ነው፤ ሲጠሩት የሚደርስ።

ተራው የሚሠራው ውድድሩ ሳይጀመር፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ነው። የናሽናልስን የ2019 ዝግጅት ልውሰድ፤ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ቡድኑ በ2018 ካደረጋቸው ጨዋታዎች 82 አሸንፎ 80 ተሸነፈ። ዝነኛ መቺው ብራይስ ሃርፐር ውሉ አልቆ ወደ ፊላደልፊያ ሄደ፤ በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ዶላር። ብዙ ደጋፊ ቡድኑ አለቀለት ብሎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞ ግን ገንዘቡን ክንድ ላይ አዋለው።

ሁለት ሰዎች ነበሩት። አንደኛው ማክስ ሸርዘር፣ ቡድኑ በ2015 በሰባት ዓመት 210 ሚሊዮን ዶላር ያስፈረመው አውራ ነው። ሁለተኛው ስቲቨን ስትራስበርግ፣ በ2009 ከወጣቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ የተመረጠና እዚያው ያደገ። ሪዞ በታኅሣሥ ፓትሪክ ኮርቢንን በስድስት ዓመት 140 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። ኮርቢን ግራኝ መሆኑ ዋጋ አለው፤ ሁለት ቀን ከቀኝ እጅ የመጣችን ኳስ የለመደ ተጋጣሚ በሦስተኛው ቀን ከሌላ አቅጣጫ ይመጣበታል። አራተኛው ቬኔዝዌላዊው አኒባል ሳንቼዝ ነው፤ ዕድሜው ወደ 35 የተጠጋ፣ ፍጥነቱ የቀነሰ፣ ግን መቺን በማታለል የተካነ፤ ለሁለት ዓመት 19 ሚሊዮን ዶላር።

አምስተኛው ቦታ በየቡድኑ ክፍት የሚሆን ነው፤ እዚያም ወጣቱና የተጎዳው ይፎካከሩበታል። ናሽናልስ በጄረሚ ሄሊክሰን ጀመሩ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ኤሪክ ፌዲ፣ ጆ ሮስና ኦስቲን ቮት ሁሉ ተፈራርቀውበት ነበር። ቡድን ሲታሰብ አምስት ስም መቁጠር የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ስድስተኛውና ሰባተኛው ከበታች ሊግ ሲጠሩ የሚመጡ መሆን አለባቸው።

በየካቲት አጋማሽ ወርዋሪዎችና ቀላቢዎች ከሌላው ተጫዋች ቀድመው ልምምድ ይገባሉ፤ ናሽናልስ ፍሎሪዳ ውስጥ ዌስት ፓልም ቢች ነው የሚሰበሰቡት። ክንድ በአንድ ጊዜ አይሞቅም። የመጀመሪያው ሙከራ አንድ ወይም ሁለት ኢኒንግ ነው፤ በየአምስት ቀኑ ጥቂት ኳስ እየተጨመረ በመጋቢት መጨረሻ ወደ ሙሉ ጨዋታ ይጠጋል። የማረፊያ ቀኖቹም ከዚያው ይለመዳሉ፦ መሮጥ፣ ማፍታታት፣ መሀል ላይ አጭር ውርወራ፣ የቀጣዩን ተጋጣሚ መቺዎች ማጥናት።

ውጤቱ ቶሎ አልታየም። ቡድኑ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸነፈ። ተራው ግን አልፈረሰም። ስትራስበርግና ኮርቢን 33፣ 33 ጊዜ፣ ሳንቼዝ 30 ጊዜ፣ ጀርባውን አሞት የከረመው ሸርዘር 27 ጊዜ ጀመሩ። አራቱ ሰዎች ከ162ቱ 123ቱን ያዙ ማለት ነው፤ ቡድኑም 93 አሸንፎ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ።

ስትራስበርግ ለዚህ የበቃው በብዙ መከራ ነው። በ2010 የክርኑ ጅማት ተበጥሶ ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ጅማት ተተካለት፤ ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ በ1974 ለቶሚ ጆን ያደረገውና በተጫዋቹ ስም የሚጠራው ቀዶ ጥገና ነው። በ2012 ቡድኑ ክንዱን ሊያተርፍ ብሎ ከ159 ኢኒንግ በኋላ አስቀመጠው፤ ያለ እሱ ጥሎ ማለፍ ገብቶም ተሸነፈ። በውሳኔው ላይ ያኔ ብዙ ተጮኸ፤ እኔ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። በ2019 የፍጻሜው ኮከብ ሆኖ ተመረጠና በሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ሰውነቱ እምቢ ብሎት ሜዳ ላይ የታየው ስምንት ጊዜ ብቻ ነው።

የ2019ኙ ፍጻሜ ከሂዩስተን ጋር ነበር። በአምስተኛው ጨዋታ ተረኛው ሸርዘር ነበር፤ አንገቱ ተይዞ እጁን ማንሳት አቃተውና ተራው አለፈው። ጥቅምት 30 (እ.ኤ.አ.) በሰባተኛው ጨዋታ ተመልሶ አምስት ኢኒንግ ወረወረ። ከዚያ ወደ ጉብታዋ የወጣው ኮርቢን ነው፤ ሦስት ኢኒንግ፣ አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት። ናሽናልስ 6 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫውን ወደ ዋሽንግተን ይዘው ተመለሱ። ዓመቱን ሙሉ ተረኛ የነበረው ኮርቢን በዚያች ሌሊት የገባው በደራሽነት ነበር።