ጩኸት እስከሚሰማበት፦ ቅሬና የደራሽነት ታሪክ በደሴና በኮምቦልቻ

በደቡብ ወሎ አንድ ቤት በድንገት እሳት ሲነሳበት፣ ምጥ የያዛት ሴት ሌሊቱን ሲጠናባት ወይም የክረምት ጎርፍ ሰው ሲወስድ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው ግን ይህ ደራሽነት ለየሰዉ ደግነት ብቻ የተተወ ሳይሆን ዳኛ፣ ጠሪ፣ ቅጣትና ወሰን ያለው ሥርዓት ሆኖ መኖሩ ነው። የሥርዓቱ ስም ቅሬ ይባላል። ቅሬ በአንድ መንደር የሚኖሩ አባወራዎችና እማወራዎች በሞት፣ በሕመምና በድንገተኛ አደጋ ጊዜ የሚረዳዱበት ማኅበር ሲሆን፣ ከአዲስ አበባው ዕድር ጋር ቢመሳሰልም ከእርሱ ጋር አንድ አይደለም። ዕድር በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይም ከጣሊያን ወረራ ወዲህ፣ በከተማ የተስፋፋ፣ ሰው ፈልጎ የሚመዘገብበትና ወርኃዊ መዋጮ የሚከፍልበት ማኅበር ነው፤ የገጠሩ ቅሬ ግን በነዋሪነት ብቻ የሚገኝ ነበር፤ በመንደሩ ጎጆ የቀለሰ ሁሉ፣ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ ጎጆውን በቀለሰበት ቀን የቅሬው ሰው ይሆን ነበር።

ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ቅሬ መታቀፋቸው ከአገሩ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ ጋር ተያይዞ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎን ሙስሊም መኳንንት ክርስትና እንዲቀበሉ ባስገደዱ ጊዜ ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፤ በኋላም በራስነት፣ ቀጥሎም በንጉሥነት አገሩን ገዙ። ከመኳንንቱ በታች ያለው ሕዝብ ግን አንዱ ሲጠመቅ ሌላው ሲሸሽ፣ አንዱ ሲጸና ሌላው ሲመለስ፣ ሁለት ሃይማኖት በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ የሚገኝበት ኑሮ የተለመደ ሆነ። ቅሬን የወለደው ይህ ነው ማለት ከማስረጃ በላይ መሄድ ይሆናል፤ ቅሬ በሃይማኖት ሊከፈል ያልቻለበትን ምክንያት ግን በደንብ ያስረዳል፤ በሃይማኖት ቢከፈል ኖሮ ወንድምና ወንድም እርስ በርሳቸው ለመቀባበር ባልቻሉ ነበርና። የእርድ ልዩነት እንኳ ለዚህ መሰናክል አልሆነም፤ ለሐዘንተኛ ቤት የሚወሰደው ንፍሮ፣ ማለትም የተቀቀለ እህል፣ ቢላ ያልነካው በመሆኑ ሁለቱም ወገን ያለ ሐሳብ ይቆነጥሩታል።

የገጠሩ ቅሬ ወሰን በወረቀት የሰፈረ አልነበረም። ደሴን ከሚያዋስኑት ከጦሳ ተራራና ከአዝዋ ገደል ግርጌ እስከ ቦርከና ወንዝ በሚወርደው ወጣ ገባ መሬት ላይ የአንድ ቅሬ ስፋት የሚለካው፣ በግምት፣ ጩኸት በሚሰማበት ርቀት ነበር። ለቀብርና ለስብሰባ ጠሪው፣ ማለትም ለመልእክት የተመደበው ሰው፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ ድምፁን ያሰማል፤ ለድንገተኛ አደጋ ግን ጠሪ አይጠበቅም፤ የቤቱ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴት፣ «የሰው ያለህ!» ብላ ኡኡታዋን ታቀልጠዋለች፤ የሰማው ደግሞ ተቀብሎ እየጮኸ በእጁ የያዘውን መጥረቢያ፣ አካፋ ወይም እንስራ እንደያዘ ይሮጣል። ሰምቶ የቀረ ሰው በቅሬው ዳኛ ፊት ምክንያቱን ይጠየቃል፤ ምክንያቱ ካላጠገበ ይቀጣል፤ ቅጣቱን ካልከፈለ ወይም መቅረትን ልማድ ካደረገ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ መውጣት ቀላል ነገር አልነበረም፦ እሳት የሚያጫጭረው ጎረቤት ይርቀዋል፣ በሬው ገደል ቢገባ የሚያወጣለት፣ ልጁ ቢሞት ጉድጓድ የሚቆፍርለት አይኖርም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አባባል የዚህን ሥርዓት ፍቅር እንጂ ክንዱን አያሳይም። መንግሥትም ቢሆን ይህንኑ የጋራ ግዴታ ለራሱ ጉዳይ ሲጠቀምበት ኖሯል፤ በአውጫጭኝ፣ ማለትም ወንጀለኛ ለማግኘት የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ ተሰብስቦ በሚጠየቅበት ሥርዓት፣ ሳይገኝ የቀረ ሰው ይቀጣ ነበር።

ከደራሽነት ሥራዎች ሁሉ ብዙ እጅና ብዙ ብልሃት የሚጠይቀው በሽተኛ ማጓጓዝ ነበር። መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ከመግባቱ በፊት፣ በብዙ ቦታም ከገባ በኋላ፣ ከኩታበርና ከተሁለደሬ ገደላማ መንደሮች ወደ ደሴ ሐኪም ቤት የሚመጣ ታማሚ የሚጓዘው በቃሬዛ ነበር፤ ቃሬዛ በሁለት ረጃጅም አጣናዎች መካከል ገመድ ወይም ጠፍር ተወጥሮ፣ በላዩ ቁርበትና ጋቢ የሚነጠፍበት የሸክም አልጋ ነው። አራት ሰዎች በትከሻቸው ሲሸከሙት ሌሎች ከጎን ከጎን እየሮጡ ይከተላሉ፤ የደከመው ትከሻውን ሲያወጣ ተተኪው በዚያው እርምጃ ይገባበታል፤ ቃሬዛውን መሬት ላይ ማሳረፍ ጊዜ ከማባከኑም በላይ ታማሚውን ያንገላታል። ቁልቁለት ላይ ቁመተ ረጃጅሞቹ ወደ ፊት፣ አጫጭሮቹ ወደ ኋላ ይደረጋሉ፤ የታማሚው ራስ ከዳገቱ በኩል እንዲሆን ይጠነቀቃሉ፤ ዳገት ሲመጣ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሌሊት ከሆነ ፋኖስ የያዘ፣ ኋላም የእጅ ባትሪ የያዘ ሰው ፊት ይመራል። በምጥ የተያዘች ሴት ስትሆን ልምድ ያላት አዋላጅ ከጎኗ አትለይም፤ መንገድ ላይ ብትወልድ ተሸካሚዎቹ ፊታቸውን አዙረው በነጠላ ይከልላሉ። ዛሬም በደሴ ዳገታማ ሰፈሮች ውስጥ መኪና ከማይገባባቸው ጠባብ መንገዶች አምቡላንሱ እስከሚቆምበት አስፋልት ድረስ በሽተኛ የሚወርደው በጎረቤት ትከሻ ነው።

የእሳት ደራሽነት ሌላ ጠባይ ነበረው። የሣር ክዳን አንዴ ከተያያዘ ቤቱን ማትረፍ ስለማይቻል፣ ልምድ ያለው ሽማግሌ የደራሹን ጉልበት ከሚቃጠለው ቤት ይልቅ ነፋስ በሚወስድበት አቅጣጫ ወዳለው ቤት ይመራዋል፤ ጎረምሶች ጣሪያው ላይ ወጥተው ገና ያልነደደውን ሣር እየነቀሉ ይጥላሉ፣ ሴቶች ውሃ ያመላልሳሉ፣ ልጆች ከብት ይነዳሉ። ለአላፊ አግዳሚ ጎረቤት የጎረቤቱን ቤት የሚያፈርስ ሊመስለው ይችላል። የነቀሉበትን ሰው ክዳን መልሶ መክደን፣ የተቃጠለበትንም ጎጆ መልሶ ማቆም የቅሬው ዕዳ ነው፤ ይህም ማገር፣ ልጥና ሣር በየቤቱ ተደልድሎ በጅጌ፣ ማለትም በጋራ ሥራ ዘመቻ፣ ይፈጸማል።

ደሴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የራስ ሚካኤል መቀመጫ ሆና ስትቆረቆርና ኮምቦልቻም በጣሊያን ዘመን ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ መገንጠያ ሆና ስታድግ፣ ቅሬ ከገጠር አብሮ ወደ ከተማ ገባ። በከተማ ግን ሰው ከልዩ ልዩ አገር የመጣ፣ ነጋዴው በመንገድ የሚውል፣ ጩኸቱም በመኪና ድምፅ የሚዋጥ ሆነ፤ ስለዚህ ቅሬው መዝገብ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ድንኳንና ድስት አበጀ፤ ከጉልበት ይልቅ መዋጮ እየከበደ ሄደ፤ በዚህም ዕድርን መሰለ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቤቶች አዋጅ የቀበሌ ማኅበራትን ካቋቋመ በኋላ መንግሥት ብዙ የሰፈር ሥራ ወደ ቀበሌ ቢያዛውርም ቀብርንና ድንገተኛ ጩኸትን ግን ሊረከብ አልቻለም፤ ወይም አልፈለገም።

የቅሬ አሠራር የተበጀው በአንድ ጊዜ አንድ ቤት ብቻ እንደሚጎዳ ታስቦ ነው፤ የተጎዳውን ያልተጎዱት ያነሱታል። የሁለቱ ከተሞች ታሪክ ግን ሁሉም ቤት በአንድነት የተመታባቸው ጊዜያት አሉት፤ ሥርዓቱ አቅሙንም ገደቡንም ያሳየው በእነዚህ ነው።

የመጀመሪያው ከሰማይ መጣ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ጠቅላይ ሰፈራቸውን ወደ ደሴ ካዛወሩ ከቀናት በኋላ፣ ኅዳር 26 ቀን፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዪቱን ቦምብ ደበደቧት። ንጉሠ ነገሥቱ በመትረየስ ወደ አውሮፕላኖቹ ሲያነጣጥሩ የሚያሳየው ፎቶግራፍ የዚያ ቀን መታሰቢያ ሆኖ ዓለምን ቢዞርም፣ ከሥዕሉ ውጭ የቀሩት የሣርና የጭቃ ቤቶች ነበሩ፤ ተቀጣጣዩ ቦምብ በየአቅጣጫው ስለሚያነድ ነፋስ የሚወስድበትን ቤት መርጦ መንቀል ትርጉም አጣ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ ገና አምስት ወር አልሞላውም ነበር፤ ቁስለኛን ያለ ጎረቤትነት፣ በሙያ ብቻ የሚረዳ ድርጅት ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር በነበረበት ወቅት ደሴ ከዚህ አዲስ አሠራር ጋር በእሳት ውስጥ ተዋወቀች።

ሁለተኛው ቀስ ብሎ የመጣ በመሆኑ ከመጀመሪያው የከፋ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ሰዎችን ወደ አዲስ አበባና አሥመራ አውራ ጎዳና ባወጣ ጊዜ፣ የመንገድ ከተሞች የሆኑት ደሴና ኮምቦልቻ መንደሩን ጥሎ በመጣ ሰው ተጥለቀለቁ፤ መንግሥት ጉዳዩን አድበስብሶ ቆይቶ የጋዜጠኛው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነገሩ ለዓለም ተገለጠ። ረሃብ ኡኡታ የለውም፤ ሰው እህሉ ማለቁን ለጎረቤት ከመጮህ ይልቅ በሩን ዘግቶ መደበቅን ይመርጣል፤ ቅሬም በጩኸት የሚነቃ ሥርዓት በመሆኑ እንዲህ ላለው አደጋ ጆሮ አልነበረውም። መንደሩ ሲፈታ ቀባሪውም አብሮ ይጠፋል። ይሁንና ቅሬ ራሱ አልሞተም፤ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ከወሎ ወደ ወለጋ ቄጦ የተወሰዱት ሠፋሪዎች በማያውቁት አገር፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ጎን ለጎን በተሠሩ ጎጆዎች ውስጥ ቅሬያቸውን እንደገና ማደራጀታቸው አሉላ ፓንክረስት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 ባሳተሙት የሠፈራ ጥናት ውስጥ ይገኛል። የቀድሞ ጎረቤት ሳይኖር ጎረቤትነት ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

የአገሪቱ የተጻፈ ሕግም አደጋ ላይ ላለ ሰው በመድረስ ጉዳይ ዝም አላለም። ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በኋላም በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ ሕይወቱ ወይም ጤናው ለከባድና ለቅርብ አደጋ የተጋለጠን ሰው መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ ያልረዳን ይቀጣል። ግዴታው ግን በራስ ወይም በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያስከትል ሊፈጸም በሚችል እርዳታ የተወሰነ ነው። በቅሬው ሥርዓት እንዲህ ያለ ገደብ ተነግሮ አይሰማም፤ እንዲያውም ለራሱ ሳይሳሳ የገባው ሰው በመንደሩ ዘንድ ስሙ ይነሳል። የዚህ ዋጋ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ በጎፋ ዞን ታይቷል፦ በገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት መንሸራተት የቀበራቸውን ሰዎች ለማውጣት የሮጡት ጎረቤቶች ራሳቸው በሁለተኛው ናዳ ተቀብረው የሟቾቹ ቁጥር ከ200 በላይ ሆኗል። ደሴም በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል በተንሸራታች አፈር ላይ የተሠራች፣ በክረምት ናዳ የሚያሰጋት ከተማ በመሆኗ፣ ከመሮጥ በፊት ቆም ብሎ ዳገቱን ማየት ለቅሬዎቿም የሚጠቅም ትምህርት ነው፤ ምንም እንኳ ለሚጮህ ሰው «ትንሽ ቆይ» ማለት በአገሩ ልማድ የሚያሳፍር ቢሆንም።

ከቦምቡና ከረሃቡ ቀጥሎ ሁሉም ቤት የተመታበት ሦስተኛው ጊዜ የቅርብ ነው። በትግራይ የተነሳው ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ሰሜን ወሎ በተስፋፋ ጊዜ ከቆቦ፣ ከወልድያና ከአካባቢያቸው የሸሹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ገቡ፤ ትምህርት ቤቶች ሲሞሉ የቀሩት በየቤቱ ተጠጉ። ለቀብር ተብሎ የተገዛው የቅሬ ድስትና ምጣድ ሕያዋንን ለመመገብ ወጣ። በጥቅምት መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ግን የሕወሓት ኃይሎች ሁለቱን ከተሞች ሲይዙ አስተናጋጁ ራሱ ተፈናቃይ ሆኖ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ተሰደደ፤ በኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ በመንግሥት ጦር ተመልሰው ከተያዙ በኋላ የተመለሰው ሰው ያገኘው የተዘረፈ ቤትና የተዘረፈ የቅሬ ዕቃ ነበር።

በአሁኑ ጊዜ የቅሬው ሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በተለይ በኮምቦልቻ ሌላ መልክ ይዟል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከየወረዳው የሚመጡ ወጣት ሴቶች ክፍል በጋራ እየተከራዩ ይኖራሉ፤ ቅሬ የሚመዘግበው የቤት ባለቤትን በመሆኑ በመዝገቡ ላይ ስማቸው የለም፣ ወርኃዊ መዋጮም ለማያውቁት ሰፈር መክፈል አይቀናቸውም። ሌሊት አንዷ ስትታመም የምትጮኸው ጓደኛዋ ናት፤ የሚደርሱት አከራይዋና የአከራይዋ ቅሬ ሲሆኑ፣ ሞት ቢመጣ ደግሞ አስከሬኑን ወደ ትውልድ ቀዬ የሚሸኘው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ ባልደረቦቿ ኪስ ይዋጣል። ተከራይ ይመዝገብ ወይስ በአከራዩ ስም ይታቀፍ የሚለው ክርክር፣ በገጠሩ ቅሬ ጎጆ በመቅለስ ብቻ ይፈታ የነበረው ጉዳይ፣ በከተማው የቅሬ ስብሰባ ገና ያልተቋጨ ነው።