የዝነኞች ወሬ መጽሔት ማንበብ ይጠቅማልን?

የሰው ልጅ ስለ ሰው የሚወራ ወሬ መስማት ይወዳል። ይልቁንም ወሬው ስሙ ከፍ ስላለ ሰው የሆነ እንደ ሆነ፣ ሥራ የያዘው ሥራውን አቁሞ፣ መንገደኛውም መንገዱን ገትቶ ያዳምጣል። ይህ ጠባይ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ ማተሚያ ቤትም አልፈጠረውም። እንግዲህ የምንጠይቀው ሰው ወሬ ለምን ይወዳል ብለን ሳይሆን፣ የዝነኞችን ኑሮ እየዘረዘረ የሚጽፍ መጽሔት ለአንባቢው አንዳች ጥቅም ይሰጠዋልን ብለን ነው። ይህን ጥያቄ ያነሣብን አንድ የባሌ ጉዞ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከዚያው እንጀምራለን።

ለመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ ወደ ሮቤና ወደ ጎባ ሄደን ነበር። ሮቤ ባደርንበት ማረፊያ ቤት፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ጥግ ጥጉ የተቀደደ አሮጌ መጽሔት አገኘን። ከ10 ዓመት በፊት የታተመ የዝነኞች መጽሔት ነበር። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ስላለን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብነው። ማን ማንን ሊያገባ እንደ ሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተኳረፈ፣ የማን መኪና በስንት ብር እንደ ተገዛ ይተርካል። አብሮን የነበረው ባልደረባችን፣ «የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ሲያነብ አያፍርም?» ብሎ ቀለደብን። እኛም አፈርንና መጽሔቱን ወደ ነበረበት መለስነው። ነገር ግን ማፈራችን ተገቢ ይሁን አይሁን እርግጠኞች አልነበርንም።

በማግሥቱ የዕረፍት ቀን ስለ ነበረ ወደ ሶፍ ዑመር ለመሄድ ተነሣን። መንገዱ ከሮቤ በጎሮ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚወስድ ሲሆን፣ ከስንዴውና ከገብሱ ደጋ እየወረደ ወደ ቆላው ይዘልቃል። ከባሌ ተራሮች የሚፈልቀው የዌብ ወንዝ በዚህ ስፍራ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ከምድር በታች ይገባል፤ በውስጡም የሰው እጅ የጠረባቸው የሚመስሉ ታላላቅ ዓምዶች ቆመው ይታያሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ከእንግሊዝ አገር የመጡ የዋሻ አጥኚዎች ሲለኩት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ስሙ የተወሰደው በዚያ ይጸልዩ፣ ደቀ መዛሙርታቸውንም ይሰበስቡ እንደ ነበር ከሚነገርላቸው ከሼክ ሶፍ ዑመር ነው።

በዋሻው ደጃፍ ያገኘናቸው አንድ ሽማግሌ የሼኩን ታሪክ ጥርት ባለ አማርኛ አጫወቱን። ሲጨርሱ፣ «አባባ፣ ይህን ከማን ሰሙት?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፣ እኔ ከአባቴ ሰማሁ፤ አባቴም ከአባቱ ሰማ። ያልሰማሁትን ግን አልነግራችሁም» አሉን። ይህ ቃል በዋሻው ውስጥ ስንሄድም ከጆሮአችን አልጠፋም።

ሽማግሌው የተናገሩት ነገር ከቆየ ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። የእስልምና ሊቃውንት የነቢዩን ቃል ሲመዘግቡ፣ እገሌ ከእገሌ፣ እገሌም ከእገሌ ሰማ እያሉ የተቀባባዮቹን ስም በተርታ ይጽፋሉ፤ ይህንንም ኢስናድ ይሉታል። ከዚያም የእያንዳንዱን ተቀባባይ ጠባይ፣ እውነተኛነትና የማስታወስ ኃይል ይመረምራሉ። ሰንሰለቱ የተበጠሰ እንደ ሆነ ቃሉ ምንም ቢያምር ደካማ ይባላል። ዱላቸውን፣ ጫፉ እንደ መንሽ የተሰነጠቀውን ዳንቄ፣ ይዘው ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዙት ምእመናንም ባህሮ የሚባለውን ውዳሴ እያዜሙ የቅዱሳኖቻቸውን ስም ጋዜጣ በሌለበት ዘመን ከአገር አገር አድርሰዋል። እንግዲህ ዝና ያለ ወረቀት ሲጓዝ ኖሯል፤ ነገር ግን «ማን ነገረህ?» የሚል ጠያቂ ነበረው። በማረፊያ ቤቱ ያነበብነው መጽሔት ግን በየገጹ «የቅርብ ምንጮች እንደ ገለጹልን» ይላል፤ ምንጮቹ እነማን እንደ ሆኑ አንድም ቦታ አይናገርም። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ነው።

ሥሩ ያልተጠየቀ ወሬ ምን እንደሚያደርስ የአገራችን ታሪክ ያስተምረናል። የዐፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ ልጅ ኢያሱ በዘመናቸው ከሁሉ ይልቅ የሚወራላቸው ሰው ነበሩ። ወደ ሐረርና ወደ ምሥራቁ አገር መመላለሳቸው፣ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር መወዳጀታቸው፣ አለባበሳቸውም ሳይቀር በየቤቱ ይነሣ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና ካህናቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ከሥልጣን ሲያወርዷቸው፣ የቀረበባቸው ዋና ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር። እርግጥ ነው፣ የሥልጣን ሽኩቻና የውጭ መንግሥታት ግፊት በነገሩ ውስጥ ነበሩበት። ይሁን እንጂ የሕዝቡን ልብ ያዞረው በእሳት ዳር የተወራው ወሬ ነው፤ ስለ ክሱ እውነተኛነትም የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ በሰገሌ ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ሆነው በሚኖሩበት በባሌ ምድር ቆሞ ይህን የሚያስብ ሰው፣ ወሬ ቀላል ነገር ነው ለማለት አይደፍርም።

ጥፋቱም በታላላቆች ላይ ብቻ አይደርስም። ቀድሞ በነበርንበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስለ አንዲት የሥራ ባልደረባችን ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ ወሬ ተነሥቶ ነበር። እኛ ወሬውን አልፈጠርነውም፤ ነገር ግን በሻይ ሰዓት ሲወራ ስቀናል፣ ለሌላም አቀብለናል። ልጅቱ ዝውውር ጠይቃ ሄደች። ወሬው ሐሰት መሆኑን ያወቅነው ከሄደች በኋላ ነው፤ ይቅርታ የምንጠይቅበትንም ጊዜ አላገኘንም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ከሐሜት ንጹሓን ሆነን አይደለም።

በውጭው ዓለም የሆነውም ይህንኑ ያስረዳል። የእንግሊዟ ልዕልት ዳያና ነሐሴ 25 ቀን 1989 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ በመኪና አደጋ ስትሞት ፎቶግራፍ አንሺዎች ይከታተሏት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ጉዳዩን የመረመሩት የለንደን ዳኞች፣ ለሞቷ የራሷን መኪና ነጂና የሚያሳድዷትን መኪናዎች ነጂዎች በአንድነት ተጠያቂ አድርገዋል። ፎቶግራፉን የሚያነሣ ያነሣው የሚገዛው ስላለ ነው፤ መጽሔቱም የገዛው አንባቢ ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ማንበብ ከነገሩ ውጭ ሆኖ መመልከት ብቻ አይደለም፤ አንባቢውም የድርሻውን ይይዛል።

ታዲያ የዝነኞችን ወሬ ፈጽሞ አናንብብ ማለታችን ነውን? አይደለም። አለቃ ገብረ ሐናን እናስብ። በ19ኛው መቶ ዓመት የኖሩት እኚህ ሊቅ የሚታወቁት በቀልዳቸው ነው፤ ሌላው የቀለደውም ሁሉ በእርሳቸው ስም ይነገራል። የተክሌ አቋቋም የተባለውን የዝማሜ ስልት የመሠረቱት እርሳቸው መሆናቸውን፣ ስሙም ከልጃቸው ከተክሌ መወሰዱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ወሬው ስማቸውን ጠብቆልናል፤ ሥራቸውን ግን ሸፍኖብናል። መልካም መጽሔት ቢሆን ኖሮ ሰውን በቀልዱ ጠርቶ ወደ ሥራው ባደረሰው ነበር።

በዚያው ምሽት ወደ ሮቤ ተመልሰን ያንን አሮጌ መጽሔት እንደ ገና አነሣነው። ሊጋቡ ነው ስለ ተባሉትም ሆነ ስለ ተኳረፉት የሚያወራው ገጽ ሁሉ 10 ዓመት ቢያልፈው ከንቱ ሆኗል። በመካከሉ ግን አንድ የመሰንቆ ተጫዋች የተናገረው ሁለት ገጽ ነበረ። የጭራውን ጅማት እንዴት እንደሚመርጥ፣ ድምፁን እንዴት እንደሚያቃና፣ የትኛውን ዜማ ከየትኛው መምህር እንደ ቀሰመ፣ መምህሮቹን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ ይናገራል። ያ ገጽ አላረጀም። በመጀመሪያው ንባብ ልባችንን የነካው ይኸው እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባን። ሽማግሌው «ከአባቴ ሰማሁ» እንዳሉት፣ እርሱም «ከመምህሬ ተማርሁ» ብሏልና።

እንግዲህ አስተማሪው ተማሪውን የዝነኞች መጽሔት ይዞ ቢያገኘው ነጥቆ ከመጣል ይልቅ ሁለት ጥያቄ ቢያስተምረው ይሻላል እንላለን፤ አንደኛው «ይህን ማን ተናገረው?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «የሰውዬው ሥራ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሁለቱን የሚመልስ ገጽ ምንም በቀላል ወረቀት ቢታተም ይነበባል፤ የማይመልስም ገጽ ምንም ቢያብረቀርቅ ይታለፋል። የወሬ መጽሔቶች በመደብር መታየታቸው ቀርቶ ወሬው በእጅ ስልክ ላይ በሚመጣበት በዛሬው ዘመንም ጥያቄዎቹ አልተለወጡም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ስሙን የሚሸከም ሥራ ሲኖርና፣ ሥራውንም በታማኝነት የሚያስተላልፍ ሰው ሲገኝ ነው። መጽሔቱን በመስኮቱ ደፍ ላይ መልሰን ስናስቀምጥ፣ ለሚቀጥለው መንገደኛ ያ ገጽ እንዳያመልጠው ጥጉን አጥፈንለታል።