ዓባይን በጀልባ የወረዱት

ጎበዝ፣ ለእረፍት ወደ ውኃ እንሂድ ሲባል መቼም የሁላችንም ሐሳብ ላንጋኖ ወይም ባሕር ዳር ነው። ዓባይን ቁልቁል ልውረደው የሚልስ አለ?

ጀልባ ብርቅ ሆኖብን አይደለም፤ የጣና ወይጦዎች ታንኳ ከደንገል መሥራት ያውቁበታል። ሸለቆውን ግን የደፈሩት እንግዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካዊው ማክሚላን ሞከረ፤ ወንዙ ጀልባዎቹን ሰባበረበት። በ1968 የብላሽፎርድ ስኔል የእንግሊዝ ጦር ቡድን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ መጥቶ፣ በክረምት፣ በአየር በሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ወረደ። አንድ ባልደረባቸውን ግን ውኃ በላባቸው። በ2004 ስካቱሮና ብራውን ከምንጩ ተነስተው ሜዲትራኒያን ደረሱ፤ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው!

ዛሬ ያ መንገድ እንደ ድሮው አይደለም። በ2025 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ የሸለቆውን የታችኛውን ክፍል ንጋት የተባለ ሐይቅ አድርጎታል። የሚናወጠውን ውኃ እንግዶች ቀዘፉት፤ ታሪኩንም እነሱ ጻፉት። የረጋውንስ? ሰላም ሰፍኖ ጉዞ ሲታቀድ ተራው የእኛ ቢሆን ምን ይለዋል? ብቻ መጀመሪያ ዋና እንማር።