ጥንብ አንሳ ስንት ነው?

ቢቸና ላይ ካሜራ ይዘህ ወደ ሰማይ ካነጣጠርክ የሚያይህ ሰው ዝም አይልም። «ጥንብ አንሳ ነው እኮ፣ ምኑን ታነሳዋለህ?» ይልሃል። ችግሩ በዚህ አንድ ስም ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ወፎች መኖራቸው ነው።

ወፎቻችንን ለይቶ መመዝገብ የተጀመረው በጠመንጃ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ እስከ ጎንደር ዘልቆ ወፎችን ሰበሰበ። መንቁረ ወፍራሙን ቁራችንን በሳይንሳዊ ስም የሰየመው እሱ ነው። በ1852 ደግሞ አልፍሬድ ብሬም አንዱን ጥንብ አንሳ በሩፔል ስም ጠራው።

ወደ ጎጃም ስንመጣ ሮበርት ቺስማንን እናገኛለን። ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ተቀምጦ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር፤ ልቡ ግን ያለው ካርታና ወፍ ላይ ነው። የአባይን ሸለቆ ተከትሎ እየቀየሰ ወፎችንም ሰበሰበ። ያኔ መለየት ማለት መግደል ነበር፤ ወፉ ይመታል፣ ቆዳው ይገፈፋል፣ ጥጥ ይሞላል፣ እግሩ ላይ ቀንና ቦታ የተጻፈበት ካርድ ይታሰራል።

እኔ ፕሮግራመር ስለሆንኩ ያ ካርድ ዳታቤዝ ሆኖ ይታየኛል፤ ቀን፣ ቦታ፣ ዝርያ፣ የሰብሳቢ ስም። ዛሬ ያንኑ ሥራ ፎቶ ይሠራዋል። በ2002 የተጀመረው ኢበርድ ላይ ማንም ሰው ያየውን ይመዘግባል፣ ወፉም በሕይወቱ ይበራል።

ከሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይ ስትወርዱ ያነሳችሁትን ፎቶ አጉልታችሁ እዩት። መንቁሩ ነጣ ያለ፣ የላባው ጫፍ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ ከሆነ የሩፔል ነው፤ ጎጆውን ገደል ላይ ይሠራል። መንቁሩ ጥቁር ሆኖ ወገቡ ላይ ነጭ ካለው ሁለተኛው፣ አነስ ብሎ መንቁሩ የቀጠነና ፊቱ ላባ የሌለው ሮዝ ከሆነ ሦስተኛው ነው። ሁለቱ ጎጇቸው ዛፍ ላይ ነው።

በ2015 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሦስቱንም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መደባቸው። ከገዳዮቻቸው አንዱ መርዝ ነው፤ ለጅብና ለውሻ ተብሎ ጥንብ ላይ የሚደረገው ለእነሱም ይተርፋል።

ሦስቱን በአንድ ስም እየጠራን አንዱ ቢጠፋ ማን ያውቃል? ሰማዩ ላይ ጥንብ አንሳ አሁንም አለ እኮ! ስለዚህ ፎቶ ስታነሱ አጠገባችሁ ያለውን እረኛ «ይሄን ከዚያኛው በምን ትለየዋለህ? ምን ብለህስ ትጠራዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱንም ከቀኑና ከቦታው ጋር ጻፉት። ቺስማን ከሰበሰባቸው ወፎች እግር ላይ ያለው ስም የሰብሳቢው ነው፤ የእኛ መዝገብ ላይ የእረኛውም ቃል ይኑር።