የሞተርሳይክል ሬዲዮ መገናኛ

የሞተርሳይክል ሬዲዮ መገናኛ በጉዞ ላይ ያሉ የሞተርሳይክል አሽከርካሪዎች ሳይቆሙ በድምፅ እንዲነጋገሩ የሚያስችል መሣሪያ ነው። በአብዛኛው ሦስት ክፍሎች አሉት፦ በሄልሜት ውስጥ የሚገጠሙ ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን፣ ድምፁን የሚልክና የሚቀበል ሬዲዮ፣ እንዲሁም መቆጣጠሪያ ቁልፍ። በስፋት የሚታወቁት ዓይነቶች አራት ናቸው፤ እነርሱም ብሉቱዝ ኢንተርኮም፣ ሜሽ ኢንተርኮም፣ የእጅ ሬዲዮ (ዎኪቶኪ) እና ሲቢ ሬዲዮ ናቸው። ለአንድ ቡድን የሚስማማውን ለመምረጥ በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ርቀት ይልቅ የአሽከርካሪዎቹ ቁጥር፣ በመካከላቸው የሚኖረው ክፍተትና የአገሩ ሕግ ይበልጥ ወሳኞች ናቸው።

የሚያስፈልገው ርቀት

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተርሳይክል በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። 10 አሽከርካሪዎች በአንድ ረድፍ ሆነው እያንዳንዳቸው የሁለት ሴኮንድ ክፍተት ቢጠብቁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለው ርቀት 400 ሜትር ገደማ ነው። ከቡድኑ ግማሹ በቀይ መብራት ለአንድ ደቂቃ ቢታገድና የፊተኞቹ በዚያው ፍጥነት ቢቀጥሉ፣ ተጨማሪ 1.3 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ስለዚህ ለአብዛኛው የቡድን ጉዞ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚደርስ አስተማማኝ ግንኙነት በቂ ነው።

በአንዳንድ የእጅ ሬዲዮዎች ማሸጊያ ላይ የሚታየው የ40 ወይም የ50 ኪሎ ሜትር ርቀት ከተራራ ጫፍ ወደ ክፍት ሜዳ በሚደረግ ግንኙነት ላይ የተመሠረተ ነው። መንገድ ላይ ሁኔታው የተለየ ነው። መሬት ክብ በመሆኗ፣ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ ሁለት አንቴናዎች ፍጹም ሜዳ ላይ ቢሆኑ እንኳ የሬዲዮ አድማሳቸው ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ኮረብታ፣ ሕንፃ፣ የመንገድ መታጠፊያና የጭነት መኪና ደግሞ ይህን ይበልጥ ያሳጥሩታል። ጉልበት መጨመርም የሚሰጠው ጥቅም የተወሰነ ነው፤ ምንም መሰናክል በሌለበት ቦታ እንኳ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል።

ዓይነቶች

ብሉቱዝ ኢንተርኮም በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራል። ሁለቱም ወገኖች እንደ ስልክ በአንድ ጊዜ መናገርና መስማት ይችላሉ። ለአሽከርካሪና ከኋላው ለተቀመጠ ሰው፣ ወይም ተቀራርበው ለሚጓዙ ሁለት ሞተርሳይክሎች ተስማሚ ነው። በብዙ ሞዴሎች እስከ አራት ሰዎች ድረስ ማገናኘት ቢቻልም፣ ግንኙነቱ እንደ ሰንሰለት ከአንዱ ወደ ቀጣዩ የሚያልፍ ነው። ከመካከል አንዱ ወደ ኋላ ቢቀር ወይም ባትሪው ቢያልቅ ከእርሱ ወዲያ ያሉት ይቋረጣሉ።

ሜሽ ኢንተርኮም ይህን ችግር ለመፍታት የመጣ ነው። በሜሽ ወይም በመረብ አሠራር እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ድምፅ ከመላክ በተጨማሪ የሌሎቹን ተቀብሎ ያስተላልፋል። አንድ አሽከርካሪ ከቡድኑ ቢወጣ መረጃው በሌላ መሣሪያ በኩል መንገድ ያገኛል፤ ሲመለስም መሣሪያው ራሱ መልሶ ይቀላቀላል። በእስራኤል የተመሠረተው ካርዶ ሲስተምስ እስከ 15 አሽከርካሪዎችን የሚያገናኘውን ፓክቶክ የተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 አቅርቧል፤ የደቡብ ኮሪያው ሴናም እ.ኤ.አ. በ2018 ሴና 30ኬን አውጥቷል። የሁለቱ ኩባንያዎች የሜሽ አሠራር የተለያየ ስለሆነ መሣሪያዎቻቸው በሜሽ በቀጥታ አይገናኙም፤ ለመገናኘት ወደ ብሉቱዝ መመለስ ያስፈልጋቸዋል። በዚህም ምክንያት አንድ ቡድን ከመግዛቱ በፊት በአንድ ዓይነት መሣሪያ ላይ መስማማቱ ጠቃሚ ነው።

የእጅ ሬዲዮ ቁልፍ ተጭኖ በየተራ የሚነገርበት ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው መስማት ብቻ ይችላል። በአሜሪካ በ462 እና በ467 ሜጋኸርዝ፣ በአውሮፓ ደግሞ በ446 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል። በአንድ ቻናል ላይ የሚያዳምጡት ሰዎች ቁጥር ገደብ የለውም፤ ዋጋውም ከሜሽ ኢንተርኮም ያነሰ ነው። ለሞተርሳይክል ሲሆን የመናገሪያ ቁልፉ በመሪው ላይ ለአውራ ጣት ቅርብ ሆኖ ይታሰራል። የሰው አካል ሞገዱን ስለሚውጥ ሬዲዮውን በኪስ ከመያዝ አንቴናው ከፍ ብሎ በሚቆምበት ቦታ ማሰር ይመረጣል።

ሲቢ ሬዲዮ በ27 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሲሆን በአሜሪካ 40 ቻናሎች አሉት። እንደ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ባሉ ትልልቅ የረጅም ጉዞ ሞተርሳይክሎች ላይ ለረጅም ዓመታት ሲገጠም ቆይቷል። የሞገዱ ርዝመት 11 ሜትር ያህል በመሆኑ ረጅም አንቴና ይፈልጋል፤ በኤኤም ሲሠራም የሞተሩ ካንዴላ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ጫጫታ በቀላሉ ይገባበታል። ትልቁ ጥቅሙ ከጭነት መኪና አሽከርካሪዎች ጋር መነጋገር ማስቻሉ ነው።

ነፋስና ማይክሮፎን

ሬዲዮው ጥሩ ሆኖ ንግግሩ የማይሰማበት ዋና ምክንያት ነፋስ ነው። በፈጣን መንገድ ላይ በሄልሜት ውስጥ ያለው የነፋስ ድምፅ ከ90 ዴሲቤል በላይ ሊደርስ ይችላል። አገጭን ለሚሸፍን ሄልሜት ከውስጥ በኩል የሚለጠፍ ትንሽ ማይክሮፎን፣ ፊቱ ክፍት ለሆነው ደግሞ ወደ ከንፈር የሚጠጋ ባለ ዘንግ ማይክሮፎን ይመረጣል። ሁለቱም የስፖንጅ ሽፋን ያስፈልጋቸዋል። ድምፅ ሲሰማ ራሱ የሚከፈተው የማይክሮፎን አሠራር ነፋሱን እንደ ንግግር ቆጥሮ ቻናሉን ሊይዝ ስለሚችል፣ በእጅ ሬዲዮ ላይ ቁልፍ መጠቀም የተሻለ ነው።

ሕግና ፈቃድ

ብሉቱዝና ሜሽ የሚጠቀሙበት 2.4 ጊጋኸርዝ በአብዛኞቹ አገሮች ያለ ግል ፈቃድ የሚሠራበት ነው። የእጅ ሬዲዮ ግን ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈቀደው ኤፍ አር ኤስ ፈቃድ አይጠይቅም፤ 22 ቻናሎችና እስከ 2 ዋት ጉልበት አለው። ጂ ኤም አር ኤስ የተባለው በአንዳንድ ቻናሎች እስከ 50 ዋት ይፈቅዳል፤ ያለ ፈተና በክፍያ የሚሰጥና ለ10 ዓመት የሚያገለግል ፈቃድ ግን ይፈልጋል። በአውሮፓ ፒ ኤም አር 446 ያለ ፈቃድ በግማሽ ዋት ይሠራል፤ አንቴናው መቀየር የለበትም። በአንዱ አህጉር የተፈቀደ ሬዲዮ በሌላው ሕገወጥ ሊሆን ስለሚችል ድንበር ሲሻገሩ ይዞ መጠቀም አይገባም። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ አጠቃቀምን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ የእጅ ሬዲዮ ከውጭ ከማስመጣት በፊት ባለሥልጣኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሄልሜት ውስጥ የሚሰማ ድምፅን የሚመለከቱ ሕጎችም አሉ። ፈረንሣይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2015 ጀምሮ በሚነዱበት ጊዜ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫን ከልክላለች፤ በሄልሜት ውስጥ የተገጠመ መገናኛን ግን ክልከላው አያካትትም።

አመራረጥ

• ለአሽከርካሪና ለተሳፋሪ ወይም ለሁለት ሞተርሳይክሎች፦ ብሉቱዝ ኢንተርኮም።
• አብረው ለሚጓዙ ከአራት በላይ አሽከርካሪዎች፦ የአንድ ኩባንያ ሜሽ ኢንተርኮም።
• ለትልቅ ቡድን በአነስተኛ ወጪ፦ ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ለፊት መሪውና ለመጨረሻው አሽከርካሪ ብቻ የእጅ ሬዲዮ። የመጨረሻው የቀረ ሰው መኖሩን ይነግራል፣ መሪውም ፍጥነቱን ይቀንሳል።
• በአሜሪካ ለረጅም የአውራ ጎዳና ጉዞ፦ ሲቢ ሬዲዮ እንደ ተጨማሪ።

ደኅንነት

የእጅ ሬዲዮ ሻጮች «የምስጢር ኮድ» የሚሉት አሠራር ንግግሩን አይሰውርም፤ ተጠቃሚው የሌሎችን ንግግር እንዳይሰማ ብቻ ያደርጋል። በቻናሉ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው ግን እርሱን ሊሰማው ይችላል፤ ስለዚህ አድራሻና ገንዘብን የሚመለከት ነገር በሬዲዮ መነገር የለበትም። ንግግር ራሱም ሐሳብን ከመንገድ ይስባል። ልምድ ያላቸው ቡድኖች መልእክቱን ያሳጥራሉ፦ «ጉድጓድ በቀኝ»፣ «ቀይ ያዘኝ»፣ «ነዳጅ»። ባትሪ ሊያልቅ፣ ሞገዱም ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ከመነሣት በፊት የእጅ ምልክቶችንና ለተለያየ ሰው የመጠባበቂያ ቦታን መስማማት ሬዲዮ ላለው ቡድንም አስፈላጊ ነው።