ማኅተሙ ሳይሰበር የተነበበ ደብዳቤ

የዛሬዋ ጽሑፍ ረዘም ትላለች፤ ሻያችሁን ያዙና አንብቧት። ከከሚሴም፣ ከባቲም፣ ከሰንበቴም ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፦ «ኢሜይላችን ተመስጥሯል ይላል፤ ታዲያ ቁልፉ የሌለው ሰው እንዴት ሊያነበው ይችላል?» መልሱ ታሪክ አለው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ድሮ ደብዳቤ የሚሄደው በእግረኛ መልእክተኛ እጅ ነበር። የነገሥታቱ ማኅተም ከጽሑፉ አናት ላይ ያርፋል። ልብ በሉ፤ ያ ማኅተም ወረቀቱን አይዘጋም። ሥራው «ይህ ቃል የእኔ ነው» ማለት ነው። ምስጢር መጠበቅ ሌላ ሥራ ነው፤ እሱ የመልእክተኛው ታማኝነት ነበር፣ አንዳንዴ ደግሞ ፊደሉ ራሱ። እነ ሼኽ ጠልሓ ጀዕፈር አማርኛውን በዓረብኛ ፊደል፣ በአጀሚ፣ ይጽፉት ነበር። ለመደበቅ ብለው አይደለም፤ ግን ያንን ፊደል ላልቆጠረ ሰው ወረቀቱ ዝግ ነው። እንግዲህ ሁለት ነገር ያዙልኝ፦ መደበቅ አንድ፣ ማተም ሁለት። ችግሩ ሁሉ የሚመጣው ሁለቱን አንድ ያደረግናቸው ጊዜ ነው።

በ1983 ግንቦት መጨረሻ፣ እኛ ጋ ደርግ በወደቀበት በዚያው ሰሞን፣ ፊል ዚመርማን የሚባል አሜሪካዊ ፒጂፒ የተባለ ፕሮግራም ለቀቀ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ክፍት ጓጉንቸርህን ለፈለገ ሁሉ ታድላለህ፤ ማንም መልእክቱን ቆልፎ ይልክልሃል፤ መክፈቻው ግን ያንተ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ይህን ፕሮግራም ወደ ውጭ ማውጣት የጦር መሣሪያ እንደማውጣት ነው ብሎ ሰውየውን ሦስት ዓመት ያህል መረመረው፤ በመጨረሻ ክስ ሳይመሠርት ተወው። ምስጢር መቆለፍ ሲያስጠረጥር የኛ አገር የመጀመሪያው አይደለም ማለት ነው።

ቆይ፣ አንድ ቃል ላስረዳ፤ «ላይብረሪ»። ኢሜይል የምታነቡበትን ፕሮግራም የሚሠራ ሰው የመቆለፊያውን ስሌት ከባዶ አይጽፍም። ሌሎች የሠሩትን ዝግጁ ኮድ ወስዶ ይጠቀማል፤ ላይብረሪ የሚባለው እሱ ነው። እንደ ሰፈር ወፍጮ ቤት አስቡት። ሁሉም እህሉን እዚያ ያስፈጫል። ድንጋዩ ከተሸረፈ ግን የሰፈሩ ዱቄት ሁሉ ጠጠር አለበት።

መጋቢት 29 ቀን 2006 ይህ ሆነ። ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው፣ ከዓለም ድረ ገጾችና የኢሜይል ሰርቨሮች እጅግ ብዙዎቹ በሚጠቀሙበት ላይብረሪ ውስጥ ያለ ጉድለት ይፋ ወጣ። ስሙን ሃርትብሊድ አሉት። አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን «አለህ ወይ? ይህችን ቃል መልስልኝ» ይለዋል። ቃሉ አጭር ሆኖ ርዝመቱ ትልቅ ነው ተብሎ ከተጻፈ፣ ሰርቨሩ ሳያጣራ ከራሱ ማኅደረ ትውስታ እየዘገነ እስከ 64 ኪሎባይት ድረስ ይሰጣል። በዚያ ውስጥ የይለፍ ቃል፣ አልፎም ቁልፉ ራሱ ሊኖር ይችላል። ጉድለቱ ሁለት ዓመት ማንም ሳያየው ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ 18 ቀን ቆይቶ፣ ሚያዝያ 17፣ አዲስ አበባ ላይ የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎችና ጋዜጠኞች መታሰር ጀመሩ፤ ስድስት ጦማሪና ሦስት ጋዜጠኛ። በሐምሌ በፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ሲከሰሱ፣ ክሱ ላይ ከተዘረዘሩት ነገሮች አንዱ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በተባለ መመሪያ መሠልጠናቸው ነበር። መመሪያው ኢሜይልን እንዴት መመስጠር እንደሚቻል የሚያስተምር፣ ማንም ከኢንተርኔት ሊያወርደው የሚችል ነገር ነው። አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ የቀሩትንም ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። እስከዚያ ግን ከአንድ ዓመት በላይ እስር ቤት አለፈ።

አያችሁ፣ በአንድ ጸደይ ቁልፉ ወንጀል ተባለ፤ ቁልፉን የሚሠራው ወፍጮም ተሸርፎ ተገኘ።

ወደ 2010 እንምጣ። ኅዳር 27 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ አንድ ሪፖርት አወጣ። በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን፣ ከነሱም ውስጥ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርኩ ጃዋር መሐመድ፣ በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸው ነበር። ሊንኩ ቪዲዮ ያለው ገጽ ይከፍትና «መጀመሪያ አዶቤ ፍላሽን አድሱ» ይላል። የሚወርደው ግን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ነው። ሪፖርቱ ሥራውን ከኢትዮጵያ ጋር አያያዘው። እዚህ ላይ ቁልፉን የሰበረ ማንም የለም። ደብዳቤው በመንገድ ላይ አልተነካም፤ የተጠመደው አንባቢው ቤት ውስጥ ነው።

በዚያው ዓመት ግንቦት 6 ደግሞ ዋናው ነገር መጣ፤ ኢፌይል። የጀርመንና የቤልጂየም ተመራማሪዎች 35 የኤስ/ማይም ኢሜይል ፕሮግራሞችን ፈትነው 23ቱ፣ 28 የኦፕንፒጂፒ ፕሮግራሞችን ፈትነው 10ሩ ተጋላጭ ሆነው አገኟቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌባው ያንተን የተቆለፈ ሣጥን ሰርቋል፤ መክፈት ግን አልቻለም። ስለዚህ ሣጥኑን ጆንያ ውስጥ ከትቶ፣ ከላዩ «ከዚህ ቀጥሎ የምታገኘውን ሁሉ ወደዚህ አድራሻ ውሰድ» የሚል ወረቀት አድርጎ ለራስህ መልሶ ይልክልሃል። አሽከርህ ጆንያውን ይፈታል፤ ሣጥኑን ባንተው ቁልፍ ይከፍታል፤ ከዚያ ወረቀቱ እንዳዘዘው ያገኘውን ለሌባው ያደርሳል። አሽከሩ የኢሜይል ፕሮግራሙ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ያልተዘጋ የሥዕል አድራሻ ነው፤ ፕሮግራሙ «ሥዕል ላምጣ» ብሎ ሲሄድ የተፈታውን ጽሑፍ አድራሻው ውስጥ ይዞት ይሄዳል። እንደ አፕል ሜይልና ተንደርበርድ ያሉት በዚህ ተያዙ።

ሁለተኛው መንገድ የተመሰጠረውን ጽሑፍ ራሱን እዚህም እዚያም መነካካት ነው። ኤስ/ማይም መነካካቱን የሚያውቅበት ማኅተም በምስጠራው ላይ ጨርሶ አልነበረውም። ኦፕንፒጂፒ ማኅተም ነበረው። ግን ማኅተሙ ሲጎድል መሣሪያው «ተጠንቀቅ፣ ተነክቷል» እያለም ጽሑፉን ፈትቶ ይሰጥ ነበር፤ አንዳንድ የኢሜይል ፕሮግራምም ማስጠንቀቂያውን ሳይሰማ ያሳየው ነበር። ዘበኛው ጮኸ፣ ባለቤቱ ተኝቷል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ግን ይሄ ነው፦ የተሰረቀው ሣጥን የዛሬ መሆን የለበትም። ከዓመታት በፊት የተጠለፈና በስውር የተቀመጠ ደብዳቤም በዚህ መንገድ ሊከፈት ይችል ነበር። አንድ ሰው በጭንቅ ቀን የጻፈው፣ ወዳጁን በስም የጠራበት ደብዳቤ፣ ሁሉም ነገር ከተረሳ በኋላ። ታሪክ ያስተማርኳችሁ ልጆች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ወረቀት ጌታውን ይቆያል።

ጥገናው መጥቷል። ኤስ/ማይም በ2011 ምስጠራውንና ማኅተሙን አንድ ላይ የሚሠራ ስልት ጨመረ፤ ኦፕንፒጂፒም በ2016 በወጣው አዲስ ደንቡ እንደዚያው። የመደበቂያው ሒሳብ በዚህ ሁሉ ጊዜ አልተሰበረም። የጎደለው አባቶቻችን ከደብዳቤው አናት ላይ ያኖሩት ነገር ነው።

ስለዚህ «ተመስጥሯል» የሚለው ቃል ብቻውን አያስተኛችሁ። ፕሮግራሙ አድሱኝ ሲላችሁ ከራሱ ከባለቤቱ ቦታ አድሱት፤ በኢሜይል በመጣ ሊንክ ግን እንዳታድሱ። ኢሜይላችሁ የሩቅ ሥዕል በራሱ እንዳያመጣ ሴቲንጉ ላይ ዝጉት። ሌላው ደግሞ፣ ቁልፍ መማር የሚፈልግን ሰው በጥርጣሬ አትዩት፤ ቤቱን የሚዘጋ ሁሉ ሌባ አይደለም።

ያልገባችሁ ካለ ከታች ጻፉልኝ፤ ጊዜ ሳገኝ እመልሳለሁ። ሰላም እደሩ፣ ነጋ ቡላ።