ፈውስ የሚያቃጥላቸው ሙታን

ሞቶ የሚራመድ ፍጡር ላይ የፈውስ አስማት ቢደረግበት ምን ይሆናል? ይድናል? ይቃጠላል? ወይስ ምንም አይሰማውም? ጥያቄው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። የጨዋታ ደንብ ጸሐፊዎች ግን መልሱን ደጋግመው ቀይረውታል። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሐሳቡ ከጨዋታው ይቀድማል። በብራም ስቶከር «ድራኩላ» (1897) ቫን ሄልሲንግ ሚና የተባለችውን ሴት ከቫምፓየሩ ሊጠብቃት ብሎ የተቀደሰ ኅብስት ግንባሯን ያስነካታል። ኅብስቱ ያቃጥላታል፤ ምክንያቱም ቫምፓየሩ አስቀድሞ በክሏታል። ሚና ክፉ አልነበረችም፤ ተጎጂ ነበረች።

በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን አሜሪካ ውስጥ አወጡ። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ወክለው፣ ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት ነው። በዚያ ጨዋታ ካህኑ ቁስለኛ ይፈውሳል፣ ከመቃብር የተነሡትንም ያባርራል። ሁለቱ ሥራዎች ግን አይገናኙም ነበር፤ በ1978ቱ መጽሐፍ ፈውሱ ሙታንን አያድንም።

ፈውስን መሣሪያ በማድረግ የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታዎች ቀደሙ። በ1994 በወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 6» ውስጥ የሙታንን ነፍስ የሚያጓጉዝ ባቡር አለ። የወደቀ ጓደኛን የሚያስነሣው የፊኒክስ ላባ ባቡሩ ላይ ሲጣል በአንድ ምት ያጠፋዋል።

የ«ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» ሦስተኛ እትም (2000) ይህንኑ ሐሳብ ሙሉ ሥርዓት አደረገው፦ የፈውስ አስማት ሙታንን ይጎዳል፣ የማቁሰያው አስማት ደግሞ ይጠግናቸዋል። በ2014 አምስተኛው እትም ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ ቁስል የሚያድነው አስማት ሙታን ላይ ምንም አይሠራም ተባለ። በ2024 በታደሰው መጽሐፍ ደግሞ ይህ ክልከላ ከዚያው አስማት ላይ ተነሣ። ዛሬ የፈዋሹ እጅ የነካውን ፍጡር፣ ሙትም ይሁን ሕያው፣ ያድናል።

ለጨዋታ ከሆነ የ2000ው ደንብ ይጥመኛል፤ ፈዋሹን በጨለማው ዋሻ ውስጥ ጀግና ያደርገዋል። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፦ በዚያ ደንብ ፈውስን ጥቃት የሚያደርገው የፈዋሹ ሐሳብ አይደለም፤ የተቀባዩ ስም «ሙት» ተብሎ መመዝገቡ ነው። እኛስ በአደባባይ ክርክራችን ስንቱን «የሞተ፣ ያበቃለት» ብለን መዝግበናል? ከመዘገብነው በኋላ የምንዘረጋለት እጅ ሁሉ፣ የእርቅም ቢሆን፣ ያቃጥለዋል።

የጨዋታው ጸሐፊዎች ያንን መስመር ለመሰረዝ 46 ዓመት ፈጀባቸው። እኛስ መቼ ነው የምንሰርዘው?